የቲቸር ዓምድ፦ እሁድን ከልጆቻችን ጋር የት እንዋል?

ኅዳር ሲገባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይለወጣሉ። ክረምቱን ስለ ወገብና ስለ ጉልበት ሕመም ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። አሁን ሜዳው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሁሉም ሰው የሚጽፍልኝ ስለ እሁድ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ 31 ዓመት የስፖርት መምህርት ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ልጅ ወልደው እንኳ የሚጠሩኝ «ቲቸር» እያሉ ነው። ዓምዱም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

«ሰላም ቲቸር። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። 12፣ 8 እና 4 ዓመት የሆናቸው ሦስት ልጆች አሉኝ። ቅዳሜም ስለምሠራ ያለችኝ እሁድ ብቻ ናት። ባለፈው ወር የልጆች መጫወቻ ያለበት ሕንፃ ወሰድኳቸው። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳንቆይ የሳምንት አስቤዛ የሚሸፍን ብር ወጣ። ትልቁ ስልክ ሲነካካ ዋለ፤ ትንሿ እያለቀሰች ተመለሰች። በአቅሜ የት ልውሰዳቸው?» — የሦስት ልጆች አባት፣ ከቱሉ ዲምቱ

ወንድሜ፣ የወጣው ብር ቢቆጭህ አይገርመኝም። እኔን ከብሩ ይልቅ ያሳሰበኝ የትልቁ ልጅህ ነገር ነው። ለአራት ዓመት ልጅ የተሠራ ሸርተቴ ላይ የ12 ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? ስልኩን ከማውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሦስቱም አንድ ላይ የሚውሉት ውኃ፣ ሜዳና ዳገት ያለበት ቦታ ሲያገኙ ነው። እዚያ ሁሉም በየዕድሜው የሚሠራው አያጣም።

ሰው ሁሉ እንጦጦ ሂድ ይልሃል። እኔም እልሃለሁ፤ ለመጀመሪያው እሁድ ግን አይሁን። ከቱሉ ዲምቱ እንጦጦ ማለት ከከተማው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ነው። ትንሿን አዝለህ ታክሲ ስትቀያይር ረፋዱ ያልፍብሃል። አንተ እኮ ያለኸው ቢሾፍቱ በር ላይ ነው! የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚያው እናንተ ጋ ነው። ሚኒባስ ይዘህ በነባሩ መንገድ በዱከም በኩል ብትሄድም ብዙ አይቀርህም።

ቢሾፍቱ ላይ ሐይቅ ሞልቷል። ሆራ አለ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ አለ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ አሉ። ትልልቆቹ ሪዞርቶች ላንተ ኪስ አይሆኑም፤ አትጨነቅባቸው። ከከተማው መሐል ብዙም ሳትርቅ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነህ ቢሾፍቱ ሐይቅን ቁልቁል ታየዋለህ። አፋፉ ላይ ካሉት ቤቶች ባንዱ ለልጆቹ ለስላሳ፣ ለራስህ ማኪያቶ እዘዝ። ምሳችሁን ከቤት ቋጥራችሁ ኑ፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ። ከዚያ ትልቁን ልጅህን «ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቀው። ያስብ፤ ቶሎ አትንገረው። ሐይቁ ድሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ጉድጓድ ነው። ይህን ሲሰማ አፋፉን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ጨለለቃ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። ጥልቀት የለውም፣ ወፍ ይበዛበታል። መሐለኛው ስንት ዓይነት ወፍ እንዳለ ይቁጠር፤ ትንሿም አብራ ትቁጠር፣ ብትሳሳትም ግድ የለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምንህ። እግራቸውን እንኳ ቢሆን ያለ እጅህ ውኃው ውስጥ እንዳያስገቡ።

ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ተማሪዎች ይዘን ከነዚህ ሐይቆች አንዱ ዳር ወርደን ነበር። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጭቃ የነካው እግሩን ሊታጠብ ገባ። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ሦስተኛው ላይ ልጁ የለም። ጩኸት እንኳ አልተሰማም። ብቅ ሲል ከዳር ሁለት ሜትር አይርቅም ነበር፤ እግሩ ግን የሚረግጠው መሬት አላገኘም። ነጠላዬን አውልቄ ጫፉን ቋጠርኩና ወረወርኩለት። በሁለተኛው ውርወራ ያዘው። ነጠላውን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ጥለቱ እሱ በጨበጠበት ቦታ ተተርትሯል። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ጠባዩ ይሄ ነው። እንደ ባሕር ዳርቻ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ እንደ ድስት ነው፣ ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቢሾፍቱ ሐይቅ መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። መዋኘት የሚችል ልጅም ቢሆን ገንዳ ያለበት ቦታ ይዋኝ።

ሁለተኛውን እሁድ ለእንጦጦ አድርገው። ትንሿን እናቷ ጋ ተዋትና ሁለቱን ይዘህ በጠዋት ውጣ። ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ተራራው ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቤታችሁ ወደ 1,000 ሜትር ከፍ ብላችኋል ማለት ነው። ልጆቹ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው «ሰነፍ» አትበላቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጃኬት ይያዙ። እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ውስጡ ብዙ ነገር አለ፤ ፈረስ ግልቢያ አለ፣ በገመድ መንሸራተት አለ፣ ትንንሽ የውድድር መኪናዎች አሉ። እነዚህ የየራሳቸው ክፍያ አላቸው። ስለዚህ ገና ቤት ሳላችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ የተመደበለትን ብር ንገረው። «አንድ ነገር ትመርጣለህ» በለው። ልጅ ሲመርጥ ውሎ አንዷን ሲያገኝ፣ ሁሉን ካገኘው በላይ ይደሰታል። ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደግሞ እንጦጦ ማርያም ጋ ያለውን የምኒልክን ግቢ ሳታሳያቸው እንዳትመለስ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከመመሥረታቸው በፊት መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ቤተ መንግሥት ሲባል ወርቅና መስታወት የሚጠብቅ ልጅ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራውን ቤት ሲያይ ዓይኑ ይፈጣል። ጥያቄው አያልቅም። የምታውቀውን መልስለት፤ የማታውቀውን «ቤት ስንገባ አብረን እንፈልጋለን» በለው።

ስለ ስልኩ። ብትቀማው ጠብ ነው። ሥራ ስጠው። «ዛሬ አሥር ፎቶ ታነሣለህ፣ ከዚያ ስልኩ ኪሴ ይገባል» በለው። አሥሯን ፎቶ ሲመርጥ ዙሪያውን ማየት ይጀምራል።

«እንደምን አሉ ቲቸር። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ ሩጫ ትወዳለች። እዚሁ ሱሉልታ አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው በወር እያስከፈለ ሕፃናቱን ያሮጣል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል አስፋልት ላይ ይወጣሉ፤ በየቀኑ፣ በባዶ ሆዳቸው። አንዳንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። አሁን ተረከዟን ያማታል። ስከለክላት ታለቅሳለች። አባቷ ደግሞ ‹ኃይሌም እኮ ልጅ ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው› ይላል። ምን ላድርግ?» — እናት፣ ከሱሉልታ

እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ አትላኪያት። ተረከዟ ሕመሙ እስኪተዋት ሩጫም ዝላይም ይቅርባት። በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ወይም ስታነክስ ካየሽ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። በዚህ ዕድሜ የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ፣ የሚያድግ ክፍል አለው። ተረከዝና ጉልበት ሥር ያለው ክፍል ድግግሞሽ ሲበዛበት ይቆጣል። ሕመሙ «ቻይው» የሚባል ዓይነት አይደለም።

አባትየው ስለ ኃይሌ ያለው እውነት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ እየሮጠ ስለሚሄድ፣ ዓለም ካወቀው በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ ደብተር የያዘ ይመስል እጥፍ ይል ነበር። ግን ልዩነቱን እይው። ያ ልጅ የሚሮጠው አፈር ላይ ነው። ሲደክመው ይራመዳል። ሰዓት ይዞ ከኋላው የሚጮህበት ሰው የለም። ደረስኩ ሲል ደግሞ ሩጫው ያበቃል፤ ቁጭ ብሎ ይማራል። ያንቺ ልጅ የምትሮጠው በጨለማ፣ አስፋልት ላይ፣ ሲኖትራክ በሚከንፍበት መንገድ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

እንደምታውቂው አትሌቶቹ በእኛ ሰፈር ነው የሚሮጡት። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ሲሆን ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር እዚህ መጥተው የሚሠለጥኑት ለዚያ ነው። ጠዋት ቡና ሳፈላ በአጥሬ ሥር ያልፋሉ። ሠላሳ አርባ ሆነው፣ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ በሰልፍ። እግራቸው እኩል ነው የሚወርደው፤ ዓይንሽን ብትጨፍኚ አንድ ትልቅ እንስሳ የሚያልፍ ነው የሚመስልሽ። ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ስለ ቀላሉ ቀናቸው ነው። ትናንት ሲከንፉ ያየኋቸው ሰዎች በማግስቱ በጣም ቀስ ብለው ያልፋሉ። የጎረቤቴ ልጅ ቦርሳውን አዝሎ እስከ ማዞሪያው ድረስ አብሯቸው ይሮጣል፣ እያወራቸው። የዓለም ሯጮች ናቸው፤ ሰውነታቸው እንዲያርፍ ግን ቀን ይሰጡታል። እንጦጦ ጫካ ሲገቡ ደግሞ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ፣ ሣርና አፈር መርጠው ነው የሚሮጡት። አስፋልት ላይ የሚወጡበት ቀን በልክ ነው። ታዲያ ዐዋቂው ዕረፍት የሚያስፈልገው ከሆነ የ10 ዓመት ልጅ በየቀኑ ለምን ትሮጣለች?

ሩጫውን ግን አትከልክያት። ልጅ የወደደውን ነገር መዝጋት ሌላ ጉዳት ነው። ስትድን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከትምህርት በኋላ፣ ሣር ላይ ትሩጥ። መጀመሪያ ገመድ ትዝለል፣ ከጓደኞቿ ጋር ሱዚ ትጫወት፣ አባሮሽ ይጫወቱ። ሱዚ ላይ በደንብ የምትዘል ልጅ እግሯ ሲጠነክር ዓይቻለሁ፤ አርባ ተማሪ ይዤ አንድ ኳስ ብቻ ባለኝ ዘመን ግማሽ ክፍለ ጊዜዬ እሱ ነበር። ሳትበላ አትሂድ፤ በሶም ቢሆን ጠጥታ ትውጣ። እንቅልፏን ትጨርስ። የወር አበባ ስትጀምር ደግሞ ምስርና ጎመን አታጉድዪባት። ድካም ከበዛባት ደሟ ይመርመር።

ውድድር ካማራት ለልጆች የተዘጋጀ አለ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው ነበር የሮጠው፤ ያንን የመጀመሪያውን ያሸነፈውም ኃይሌ ራሱ ነው። ለሕፃናት በዕድሜያቸው ልክ የተመጠነ አጭር ሩጫ በውድድሩ ሥር ይካሄዳል። እዚያ ቲሸርቷን ለብሳ ትሩጥ፣ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ትመለስ።

ለሰውየው ሄደሽ ንገሪው፤ ብቻሽን ሳይሆን ከሌሎቹ እናቶች ጋር። ፈቃዱንና የተማረበትን ያሳያችሁ። ካላሳየ ልጆቻችሁን አንሡ። ይህን የምለው በጭፍን አይደለም። እኔ ወጣት መምህርት ሳለሁ ጉልበቷ ያበጠ ልጅ «ለውድድሩ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው፣ ቻይው» ብዬ አስሮጫታለሁ። ውድድሩን አሸነፈች። ከዚያ በኋላ አልሮጠችም። ዛሬም ታክሲ ስትሳፈር ያንን እግሯን ቀስ ብላ ነው የምታነሣው።

«ለቲቸር። የገና ጨዋታን ልጆቼ በቴሌቪዥን አይተው ‹እንጫወት› ብለው ያዙኝ። ከተማ ስላደግኩ አላውቀውም። ቡራዩ ግቢያችን ፊት ለፊት ሜዳ አለ። እንዴት ነው የሚጫወቱት? ሕፃን ልጅ በዱላ ማጫወትስ አያስፈራም?» — የሁለት ወንዶች እናት፣ ከቡራዩ

እንዴት ደስ አለኝ! ለዚህ ጥያቄ ብቻ ዓምዱን በሙሉ ብሰጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ገና የምንለው ዱላውንም ጨዋታውንም ነው። ዱላው ጫፉ የተቆለመመ መሆን አለበት። ኳሷ እንደየአገሩ ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች፤ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች። እረኞች የጌታን ልደት ሲሰሙ ከደስታቸው ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይባላል፤ ለዚያ ነው በገና ሰሞን የሚጫወቱት። ሁለት ቡድን ይሆናሉ። የተጫዋቹ ብዛት የተወሰነ አይደለም፤ እኩል መሆኑ ነው ዋናው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብሎም ይከፈላል። ኳሷ መሐል ትቀመጥና እያንዳንዱ ቡድን በዱላው እየመታ ወደ ተቃራኒው ወገን ጫፍ ለማሳለፍ ይታገላል። ይኸው ነው። ያሳለፈ አገባ። በጨዋታው ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ነው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው። ባለሟልም አሽከርም እኩል ይራኮታል፣ ሹሙ ቅልጥሙን ቢመታም ቂም አይይዝም።

ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። የዐዋቂዎቹን አጨዋወት ለልጅ እንዳለ አትስጪው። እኔ ትምህርት ቤት ሳጫውት ሦስት ሕግ ነበረኝ። ዱላው ከወገብ በላይ ከወጣ ልጁ ተቀይሮ ይወጣል፤ ምክንያት አይሰማም። ኳሷ የጨርቅ ናት። አንድ ቡድን ላይ ከስድስት ልጅ በላይ አይኖርም፤ ሲጨናነቁ ነው እግር ለእግር የሚመታቱት። ጉልበታቸው ሥር ካልሲያቸው ውስጥ ካርቶን አጥፋችሁ ብትከቱ ቅልጥማቸውን ይጠብቃል። ዳኛዋ አንቺ ሁኚ።

ዱላውን አትግዢ። ልጆቹን ይዘሽ ቅዳሜ ጫካ ዳር ውጪ። የደረቀ፣ ጫፉ ላይ የታጠፈ ቅርንጫፍ ራሳቸው ይፈልጉ። ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ እያለ ለእንዲህ ዓይነት ዱላ ግማሽ ቀን ዞረን ነበር። አሥራ ሁለት ያህል አንሥቶ ጣለ። ያቺን የምትሆነውን ሲያገኝ ምንም አልተናገረም፤ መሬቱን ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረገባትና ወደ ቤት መሄድ ጀመረ። ቅርፊቱን በቢላ አንሡለት፣ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሉለት።

ታኅሣሥ 29 ደግሞ ጃን ሜዳ ውሰጃቸው፤ የትልልቆቹን እዚያ ይዩ። ከሕዝቡ ፊት ሳይሆን ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ። ጥር ላይ ጥምቀትን ስታከብሩም ዓይናችሁ ከፈረሰኞቹ አይራቅ፤ ጉግስ ስለሚጫወቱ ፈረሶች ልጆቹ ወር ሙሉ ሲያወሩ ትሰሚያቸዋለሽ።

«ቲቸር፣ 19 ዓመቴ ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ታጠረ። ግማሹ ላይ አሸዋና ጠጠር ተከመረ፤ ግማሹ ሰው ሠራሽ ሣር ለብሶ በሰዓት ይከራያል። ሃያ ልጅ አዋጥተን አንድ ሰዓት ለመጫወት ሳምንት እንጠብቃለን። ትንንሾቹ አስፋልት ላይ ወጥተዋል። ተናደናል።» — ከለገጣፎ

ልጄ፣ ብትናደድ እውነት አለህ። እኔም የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ የነበረውን ሜዳ እንዲሁ አጥቼዋለሁ። አንድ ሰኞ ስመጣ ጎሉ ቋሚ ላይ የብሎኬት ክምር ተደግፎበት ነበር። ልጆቹ ምንም ሳይሉ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ እኔ የምለውን ነበር የሚጠብቁት። እኔም ምንም አላልኩም። አለማለቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ አንተ ዝም አትበል።

ስድብና ድንጋይ ግን ሜዳ አያስመልስም። የሰፈሩን ልጆች ስምና ፊርማ ሰብስቡ፤ የወላጆቻችሁንም ጨምሩ። የእናቶች ፊርማ ክብደት አለው። ወደ ወረዳችሁ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፣ የገባበትን ማኅተም ያለው ቅጂ ያዙ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጠይቁ። መጀመሪያ ጠጠሩ ይነሣ በሉ። ቀጥሎ ለሚያከራየው ሰው ሄዳችሁ፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተከራይ በማይኖርበት ጊዜ ለሕፃናቱ በነፃ እንዲከፍት ጠይቁት፤ እናንተ ጥበቃውንና ጽዳቱን ውሰዱ። ባዶ ሜዳ ለእሱም ገቢ የለውም።

ማመልከቻው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አንሥታለች። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው አልተመለሰም። ልጅ ኳስ የሚለምድበት አፈር ሜዳ ከጠፋ ደግሞ ተጫዋቹ ከየት ይመጣል በሏቸው።

«ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። የእንግሊዝ ኳስ ካለ እኛ የለንም። ልጆቹ ‹አባዬ የት ነው?› ማለት ትተዋል።» — ከሰበታ

እህቴ፣ ኳሱን ጠላት አታድርጊው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ጓደኞቹን የሚያገኝበት ቦታ ነው። ቅዳሜን ተዪለት፣ በሰላም። እሁድን ግን በግልጽ ጠይቂው። «ልጆቹ ስምህን መጥራት ትተዋል» በይው፤ ለእኔ የጻፍሽውን ቃል ለእሱም ሳትቀንሺ ንገሪው።

ሰበታ ላይ ሆናችሁ ደግሞ ተራራው ከጀርባችሁ ነው። የወጨጫ ተዳፋት ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአገራችን ካሉት ጥብቅ ደኖች ቀደምቱ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። ውስጡ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ ጉሬዛም አለ። ጉሬዛ ከጽድ ወደ ጽድ ሲዘል ነጭ ጭራውን ያየ ልጅ የቴሌቪዥን ነገር ትዝ አይለውም። መንገዱ ስለሚጠጥር ጥሩ ጫማ አድርጉ። ልጆቹን ከፊት የሚመራው አባታቸው ይሁን።

«ቲቸር እኔ 9 ዓመቴ ነው። አባቴ ድሮ በካልሲ ኳስ እንሠራ ነበር አለኝ። ሥራልኝ ስለው ረስቼዋለሁ አለ። እንዴት ነው የሚሠራው?» — ከካራ

የኔ ጎበዝ፣ አባትህ አልረሳውም። እጁ ሲነካው ያስታውሳል። ቁጭ በልና ይህን እያነበብክ አብራችሁ ሥሩ።

አንድ ረጅም አሮጌ ካልሲ፣ ሁለት ፌስታል፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ሲባጎና መርፌ ክር አምጣ። የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ካለ በጣም ጥሩ። ስፖንጁን በቡጢህ ልክ ቁረጠው። ከሌለ አንዱን ፌስታል አፉን ሳትቋጥር ጨብጠህ አድቦልቡለው። በሌላኛው ፌስታል ጠቅልለው፤ ኳሷ ትንሽ እንድትነጥር የሚያደርጋት ይሄ ነው። ከዚያ የጨርቁን ቁርጥራጭ ዙሪያውን ጠምጥም። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። በአንድ በኩል ብቻ ከጠመጠምክ እንቁላል ትሆንብሃለች፤ ስትመታት ወደማትፈልገው ቦታ ትሄዳለች። ሲባጎውን ጠበቅ አድርገህ እሰር። እዚህ ላይ አባትህ ይያዝልህ፤ የልጅ ጣት አያጠብቀውም።

አሁን ካልሲው ውስጥ ክተታትና እስከ ጣቱ ጫፍ ግፋት። አንገቱን ሦስት ጊዜ ጠምዝዘው። የተረፈውን ካልሲ ገልብጠህ ኳሷን መልሰህ አልብሳት። እንደገና ጠምዝዝ፣ እንደገና አልብስ። ካልሲው እስኪያልቅ እንዲሁ ነው። በመጨረሻ አፉን በመርፌ ስፋው፤ ስፌቱ ጥቅጥቅ ይበል።

ጭቃ ላይ አትጫወትባት። ከረጠበች ትከብዳለች፣ ጣትህን ታሳምምሃለች። ፀሐይ ላይ አስጣትና ነገ ትጫወታለህ። ሌላኛውን የካልሲ እግር እናትህ እንዳትጥለው ንገራት፤ ይህቺኛዋ ስትቀደድ ለሁለተኛዋ ይሆንሃል።